የጥለት ፊትና ጀርባ

ስሙን ከዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ የሚጋራው የባቲ ከተማ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፥ በደጋውና በአፋር ቆላ መካከል ባለው መውረጃ ላይ ይገኛል። በሰኞ ገበያው አፋሩ፥ ኦሮሞውና አማራው ተገናኝተው ግመልና ጨው፥ እህልና ጨርቅ ይለዋወጣሉ። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ ይወርድ የነበረው መንገድ፥ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የባሕር ማዶውን ሸቀጥ የሚያመጣው ከጅቡቲ ነው። እንግዲህ በእጅ የተሠራው ጥለትና በመኪና የታተመው ጥብጣብ እንዴት እንደሚለያዩ ለመመርመር እንዲህ ያለው ገበያ የተመቸ ነው።

ሸማኔው ጥለት ሲጥል ከድሩ ክር ቆጥሮ ያነሣል፤ ባለቀለሙንም ክር በመካከሉ ያሳልፋል። ስለዚህ የጥለቱ ሐረግ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይሄዳል፤ ቀለሙም በጀርባው ይታያል። ባለቀለም ክር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥለት ይውል ነበር። ይህም ለታሪክ ጸሓፊ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአንድ ነጠላ ጠርዝ የሩቅ ንግድ ምስክር ሊሆን ይችላልና።

ክር ቆጠራ የሥዕል ችሎታን ያጠብባል የሚል ቢኖር፥ እዚያው በወሎ ምድር ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተወስዶ በሎንዶን በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘውን የሐር መጋረጃ ይመልከት። ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ገበታዎች አማካይነት የተሠራ ሲሆን የሰው ምስል ሳይቀር በክር ተገልጦበታል።

የዛሬው ኅትመት መንገዱ ሌላ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ቀለም ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲጫን ተንኖ በፖሊስተር ጥብጣብ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጥጥ ግን ይህን ዓይነቱን ቀለም በደንብ አይዝም። ሥራውን መንቀፍ አይገባም፤ በሠርግና በምረቃ ጥብጣብ ላይ ስምና ዓመተ ምሕረት ይጽፋል፥ ጥለት ግን የተሠራበትን ዘመን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ክርክሩ የሚነሣው ኅትመቱ ጥለትን መስሎ ሲሸጥ ነው። ያን ጊዜ የቀናት ድካም ያፈሰሰበት ሸማኔ ንድፉን ያለ ዋጋ ያጣል፤ ለቤተ መዘክር የሚሰበስብ ሰውም ፊቱን ብቻ ካየ ይሳሳታል። ስለዚህ የጨርቁ ጀርባና ጠርዝ አብረው መመዝገብ አለባቸው። የታተመው ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ የደበዘዘ ነው። ኅትመት ክብ መስመርን እንደ ልብ መሥራት ሲችል፥ ክር ቆጠራ ያስገደዳቸውን ደረጃዎች አንድ በአንድ ይገለብጣል።