ሰምና ማቅለጫው፦ ከባሶ ገበያ እስከ ዘይት ቆርቆሮ

እንደሚታወቀው የጎጃም ማር ስሙ የገነነ ነው። አብሮት የኖረው ሰም ግን እምብዛም አይነገርለትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጁቤ አቅራቢያ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና መገናኛ ነበር። ሰምም በዚያ ዘመን በምጽዋ በኩል ወደ ውጭ ይወጣ ከነበረው ሸቀጥ አንዱ ነው። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ ወዲህ ደግሞ የያኔው መንቆረር በቅዱስ ማርቆስ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ደብር ባለበት ጧፍ አለ፤ ጧፍ ባለበትም ሰም አቅላጭ አለ። የቅኔ መምህሮቻችን «ሰምና ወርቅ» የሚሉትም ቢሆን ከአንጥረኛው ሥራ የተወሰደ ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳልና።

ለጧፍ የሚሆነው ሰም በአብዛኛው የሚገኘው ከጠጅ ከሚተርፈው ሰፈፍ ነው። ሰፈፉ ከውሃ ጋር ይፈላና በጨርቅ ይጨመቃል። ቀድሞ ይህ ሁሉ የሚከናወነው በሸክላ ነበር። የድሮውን ሁሉ ማሞገስ ልማዴ አይደለም፤ ሸክላ ይከብዳል፣ ይሰነጠቃልም። የሰሙን መልክ ግን አይለውጥም።

የላምባና የዘይት ቆርቆሮ ወደ ገበያችን ሲገባ ቀላልና ርካሽ ስለነበረ ማቅለጫም ማፍሰሻም ሆነ። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ይህ ጣሳ ስስ የብረት ቆርቆሮ ሆኖ ላዩ በቆርቆሮ ማዕድን የተለበጠ ነው። የረጋውን ሰም በቢላዋ በፋቅን ቁጥር ልባጡ ይነሣል። ከሥር ያለው ብረት ከሰፈፉ ውሃ ጋር ሲገናኝ ይዝጋል፤ ሰሙም ይጠቁራል። መዳብ ደግሞ አረንጓዴ ያደርገዋል። ነጋዴው መልኩን አይቶ ዋጋ ሲቀንስብን ንቡን ወይም አበባውን እናማለን፤ ጥፋተኛው ግን ማቅለጫው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከእሳት የሚመጣው ነው። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ከ85 ካለፈ መልኩና ሽታው ይበላሻል። በቀጥታ እሳት ላይ የተጣደ ጆግ ግን በቀላሉ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ተራው የእርሳስና የቆርቆሮ ብየዳ የሚላቀቀው ደግሞ በ183 ዲግሪ ነው! በአንድ ቀበሌ ለንብ አርቢዎች ሥልጠና ስሰጥ እጀታው ተላቆ ሰሙ ምድጃው ውስጥ ሲፈስስ በዓይኔ አይቻለሁ። ነበልባሉ የአንድ አባትን የጋቢ ጫፍ በላ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ውሃ ለማምጣት የተነሡትን ከልክለን በአፈር አጠፋነው። በሚነድ ሰም ላይ ውሃ ከተደፋ እሳቱ ይረጫልና።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጆጉን ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ ማስቀመጥ። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለሆነ ብየዳውን ሊያላቅቀው አይችልም፤ ውሃው ሳይንተከተክ ከተያዘም ሰሙ መልኩን አይለቅም። የአሉሚኒየም ወይም የኢናሜል ዕቃ ከዘይት ጣሳው ይሻላል፤ ለመፋቂያም ቢላዋ ሳይሆን እንጨት። ይህ ለጧፍ ብቻ አይደለም፤ የዘመናዊ ቀፎ የታተመ ሰምም የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው።

እነዚያ ንብ አርቢዎች አሁን በድርብ ድስት ያቀልጣሉ። እጀታው የወለቀው ጆግ የዶሮ ውሃ ማጠጫ ሆኗል።