ድሬሰር፣ ሲስተርና የፒያሳ ጤና ጣቢያ

በፒያሳና በአካባቢው ሰፈሮች የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ዶክተር አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። ቁስሉን ያጠበለት፣ መርፌ የወጋው፣ የልጁን ክትባት የመዘገበለት፣ በየወሩ የደም ግፊቱን የለካለት ሰው እንደየዘመኑ አጠራር ድሬሰር፣ ጤና ረዳት ወይም ነርስ ነው። ጤና ጣቢያ የሚባለው ተቋም የቆመውም በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። በሐኪም እጥረት የተነሳ በግድ የተረከቡትን ሥራ እያደር የራሳቸው ሙያ አደረጉት።

አራዳ መጀመሪያ ገበያ ነበር። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው ያ ትልቅ ገበያ ሕክምናውንም በውስጡ ይዞ ነበር። ኮሶው፣ እንቆቆውና ሌላው ሥራ ሥር እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ይሸጣል። አጥንቱ የተሰበረ ወጌሻ ይጠራል፣ ምጥ የያዛት የልምድ አዋላጅ ይመጣላታል፣ ሕመሙ የጸናበት ጠበል ይገባል። ዘመናዊው ሕክምና በስፋት የታየው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ቁስለኞችን ለመርዳት ከመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጋር ነው። የቡድኑ ሥራ ለኋላው የምኒልክ ሆስፒታል መንገድ ጠርጓል። በ1902 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ጆርጂያዊው ሐኪም ሜራብ በአገሩ ስም የሰየመውን ፋርማሲ በአዲስ አበባ ከፈተ። መድኃኒት ቀማሚ መጣ፣ ሐኪም መጣ፤ በሁለቱ መካከል ሆኖ በሽተኛውን ከቀን ወደ ቀን የሚከታተል የሠለጠነ ሰው ግን ገና አልነበረም።

ይህ ጉድለት በኅዳር 1911 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ዓለምን ያዳረሰው የ1918 እ.ኤ.አ. ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመሙ። በሽታው ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጥል ውኃ የሚያቀብል፣ ሙቅ የሚያሞቅ፣ ሬሳ የሚያነሣ ጠፋ። ለዚያ በሽታ ዶክተሩም ቢሆን መድኃኒት አልነበረውም፤ ብዙ ሰው ያጣው አስታማሚ ነው። አማርኛ «ነርስ» የሚለውን ቃል ከመዋሱ በፊት ለዚህ ሥራ የራሱ ስም ነበረው፤ አስታማሚ። ሥራው የእናት፣ የእህት፣ የጎረቤት ነበር። ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ እስከ ዛሬ ያንን ወቅት ያስታውሳል።

በ1910ዎቹ ራስ ተፈሪ ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ ቤተ ሳይዳ ሆስፒታልን አቋቋሙ። የስዊድኑ ሐኪም ሐነር በዚያ ሠርቷል። ሆስፒታሉ በኋላ በተፈሪ የንግሥና ስም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ የካቲት 12 ተባለ። ቀጥሎ የመጣው የጣሊያን ወረራ አራዳን «ፒያሳ» የሚል ስም ሰጥቶ የአገሬውን ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረ። ስሙ ወራሪው ከወጣም በኋላ ቀረ።

ለሰፈር ሕክምና ወሳኙ ጊዜ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ያለው ነው። ሆስፒታሎቹ ሕንፃ ነበራቸው፤ ሠራተኛ ግን አልነበራቸውም። በ1934 ዓ.ም. ገደማ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ያቋቋሙት የእንግሊዝ የበጎ ፈቃድ የአምቡላንስ ቡድን መጥቶ በሕክምናውም በሥልጠናውም ረዳ። የሠለጠኑት ወጣቶች ድሬሰር ተባሉ። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ቁስል አሳሪ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ቃሉን ሳይተረጉም እንዳለ የማዕረግ ስም አደረገው።

የድሬሰር ክፍል ጠባብ ነበር። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተላጠ የብረት ሳህን፣ የአዮዲንና ሐምራዊው የቁስል ቀለም ጠርሙሶች፣ በጥቅልል የተቀመጠ ፋሻ። ጥጉ ላይ የላምባ ምድጃ፣ በምድጃው ላይ ክዳን ያለው ማሰሮ፣ በማሰሮው ውስጥ የመስታወት መርፌ ይንተከተካል። መርፌው የሚጣል አልነበረም፤ ከአንዱ ሰው በኋላ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ሲደንዝ በድንጋይ ይሳላል። ፔኒሲሊን ከገባ ወዲህ በሽተኛው ጠዋት ተወግቶ ለማታ ይመለሳል ወይም ለቀናት በየዕለቱ ይመላለሳል። ሕክምና ማለት መርፌ ነው የሚለው እምነት በከተማው ሥር የሰደደው በዚህ ምልልስ ይመስላል። ክኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው «መርፌ እንኳ አልወጉኝም» ብሎ የሚያዝነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከድሮው ድሬሰር ጋር ያደገ ሕዝብ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭም ሰፈርተኛው የድሬሰሩን ቤት ያውቀው ነበር።

የነርስነት ሙያ መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ በ1931 ዓ.ም. ነርስ ሆና ተመረቀች። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በሙያዋ ብዙ ሳታገለግል በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ውስጥ በ22 ዓመቷ አረፈች። በስሟ ለተሠራው ሆስፒታል የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ ገንዘብ በማሰባሰብ ትልቅ ድርሻ ነበራት። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍን ሙያዬ ብላ መያዟ በዚያ ዘመን የነበረውን ክብደት ዛሬ ላይ ሆኖ መገመት ይከብዳል። የሌላውን ሰውነት ማጠብና ቆሻሻ ማንሣት የአገልጋይ ሥራ ተደርጎ በሚታይበት ኅብረተሰብ የወላጆችን «ልጄ ነርስ አትሆንም» ባይነት ለማለዘብ የእሷን ያህል ምሳሌ የሚገኝ አይመስልም።

በ1940ዎቹ የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ ሌላው ደግሞ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ተከፈቱ። «ሲስተር» የሚለው መጠሪያም በዚህ ዘመን ተለመደ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቃሉ የዋርድ ኃላፊዋን ነርስ ይመለከት ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የተማረች ነርስ ሁሉ ሲስተር ሆነች። የወንዱ ነርስ ዕጣ ሌላ ነው፤ ነጭ ጋዎን ከለበሰ «ዶክተር» ይባላል። በጤና ጣቢያ ወረፋ ዛሬም «ሲስተርዬ፣ አንዴ እዪኝ» የሚል ድምፅ አይጠፋም።

ሦስተኛው መንገድ ከጎንደር ተነሣ። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ አሠለጠነ። ሦስቱ በአንድ ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ የታሰበው ሐኪም ተመርቆ እስኪዳረስ መጠበቅ ስላልተቻለ ነው። የኅብረተሰብ ነርስ ድርሻ እርጉዝ ሴትን መከታተል፣ ሕፃን መመዘን፣ ቤት ለቤት መሄድ ነበር። የዛሬዎቹ አራዳ፣ ሰሜን፣ ጃን ሜዳ፣ ቀበናና አፍንጮ በር ጤና ጣቢያዎች ከዕለት ሥራቸው ብዙው ከዚህ የተቀዳ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ቀበሌ ሲቋቋም ጤናም ወደ ቀበሌ ወረደ። የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤን የዓለም መመሪያ ያደረገው የአልማ አታ ጉባኤ የተካሄደው ጳጉሜን 1970 ዓ.ም. ተጀምሮ አዲሱን ዓመት ተሻግሮ ነው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የክትባት ፕሮግራሙ ስድስት በሽታዎችን ይዞ ተጀመረ፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ፖሊዮ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍና ኩፍኝ። የክትባት ቀን በነርስ ይጀመራል፣ በነርስ ይዘጋል። በረዶ የተሞላው ሳጥን ከማለዳ ይመጣል፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ካልቆየ ይበላሻል። እናቶች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ልጆቻቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይሰለፋሉ። «የ45 ቀኑን ነው» ትላለች አንዷ፣ «የዘጠኝ ወሩን» ትላለች ሌላዋ፤ የሕፃን ዕድሜ በከተማው በክትባት ቀጠሮ መቆጠር ጀመረ። ነርሷ ካርዱን አይታ የቀረውን ትናገራለች፣ ያመለጠውን ትገሥጻለች፣ «ዛሬ ማታ ቢያተኩሰው አትደንግጪ» ብላ ትሸኛለች። ይህች የመጨረሻ ቃል ከመርፌው ያላነሰ ዋጋ አላት፤ ትኩሳቱ ያስደነገጣት እናት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ላትመለስ ትችላለችና።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የግል ክሊኒክ በስፋት ተፈቀደ። ክሊኒኮች ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብለው ሲመደቡ ዝቅተኛውን ነርስ ወይም ጤና ረዳት መምራት ቻለ። በፒያሳ መንደሮች በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቁስል የሚያሥር፣ መርፌ የሚወጋ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል የሚልክ ክሊኒክ ተለመደ። የድሮው ድሬሰር ሥራ በሕግ ዕውቅና አገኘ ማለት ይቻላል።

የነርስን ሥልጣን ከሁሉም በላይ ያሰፋው ግን ኤች አይ ቪ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ «ዕድሜ ማራዘሚያ» ብሎ የሚጠራው መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር የታማሚው ቁጥር ከሐኪሙ ቁጥር ጋር ፈጽሞ የሚመጣጠን አልነበረም። ስለዚህ ሕክምናው ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ የሠለጠነች ነርስም መድኃኒቱን ማስጀመርና መከታተል ቻለች። በዚህ ሥራ ውስጥ ከባዱ ክኒኑን መስጠት አይደለም። ሰውየው መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠ ሳያሳፍሩ መጠየቅ፣ ሚስቱ እንዳታየው የት እንደሚደብቅ ማወቅ፣ ከቀጠሮ የቀረውን ስልክ ደውሎ መፈለግ ነው። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው በመደገፍ ሥራው ገብተው ከነርሷ ጎን ተቀመጡ። ነርስ ሥር የሰደደ ሕመምን ለዓመታት ይዛ መምራት እንደምትችል በተግባር የተረጋገጠው በዚህ ክፍል ነው።

በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ደግሞ ነርሷን ከቢሮ አውጥቶ መንደር አስገባ። በገጠሩ ፕሮግራም በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ የአካባቢው ወጣት ሴቶች ሲሠሩ ለከተማው የተመረጡት ዲፕሎማ ያላቸው ነርሶች ነበሩ፤ ለአንዷ 500 ያህል አባወራ ይደርሳታል። ጥቅጥቅ ባሉ የቀበሌ ቤቶች ግቢ ገብታ አልጋ ላይ የቀረውን አዛውንት ግፊት ትለካለች፣ በሆስፒታል የጀመረውን መድኃኒት መቀጠሉን ታያለች፣ እርጉዟን ለክትትል ትልካለች። ስኳርና ግፊት የከተማው ዋና ሕመም እየሆኑ ሲመጡ ይህ ጉብኝት የጤና ጣቢያው የክትትል ክፍል ቅጥያ ሆነ።

በጤና ጣቢያው የበሽተኛው መንገድ ዛሬ በአብዛኛው ይህን ይመስላል። ካርድ ያወጣል፣ በር ላይ ነርሷ ሙቀትና ግፊት ለክታ ማን ቶሎ መታየት እንዳለበት ትለያለች፤ ቀላሉ እዚያው ታክሞ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ጤና መኮንን ወይም ሐኪም ያልፋል፣ የከበደው በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ በከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተዛወረ። ሰፈር ሲነሣ የሚከተለው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ክትትልም አብሮ ይነሣል። የዕድሜ ማራዘሚያም ሆነ የስኳር ታካሚ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሲዛወር ነርሷ የዝውውር ወረቀት ትጽፍለታለች። በወረቀቱ ላይ ሕክምናው የተጀመረበት ቀን፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የመጨረሻው የምርመራ ውጤት፣ መድኃኒቱ የሚያልቅበትና ቀጣዩ ቀጠሮ የሚውልበት ቀን ይሰፍራል፤ በአዲሱ ሰፈር የምትቀበለው ነርስም ከዚያ ቀን ትጀምራለች።