የኤሌክትሮኒክ ሲጋራና የሳንባ ጉዳት፦ ከታሪኩ ለጋምቤላ የሚቀሰም ትምህርት

ትምባሆ በጋምቤላ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር ሕዝብ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ትምባሆ የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ሆኖ ይገኛል። በመሆኑም በክልሉ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ሕመምተኛውን ስለ ማጨስ ሲጠይቅ በቅድሚያ የሚያስበው ጋያንና ሲጋራን ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ታሪክ ግን ይህ ጥያቄ ሰፋ ማለት እንዳለበት ያስረዳል።

ለዛሬው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መነሻ የሆነውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የፋርማሲ ባለሙያ ነው። መሣሪያው ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ ኃይል አሙቆ ወደሚተነፈስ ተን ይለውጣል። ትምባሆ የማይቃጠል በመሆኑም ብዙዎች ጉዳት እንደሌለው ቆጠሩት።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ቀደም ሲል ጤነኛ የነበሩ ታዳጊዎች በከባድ የሳንባ ሕመም መተኛታቸውን አሳወቁ። ሕሙማኑ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሳይሆን ትኩሳት፣ ማስታወክና የሆድ ሕመም ነበራቸው። በራጅ በሁለቱም ሳንባዎች ላይ ጥላ ቢታይም ተላላፊ ተሕዋስ አልተገኘም። የሚያገናኛቸው ነገር የታወቀው የሚስቡትን በመጠየቅ ነበር። ኢቫሊ የሚል ስያሜ የተሰጠው ይህ ሕመም እስከ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2020 ድረስ 2,807 ሰዎችን ለሆስፒታል ወይም ለሞት የዳረገ ሲሆን፣ ከእነዚህም 68ቱ ሞተዋል። ከ51 ሕሙማን ሳንባ በተወሰደ እጣቢ ላይ በተደረገ ምርመራ በ48ቱ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ተገኝቷል፤ ይህም በተለይ የካናቢስ ንጥረ ነገር ባለባቸው ሕገ ወጥ ፈሳሾች ላይ ይጨመር የነበረ ቅባት ነው። ሆኖም የሌሎች ኬሚካሎች አስተዋጽኦ ሙሉ በሙሉ አልተወገደም።

አገራችን ወረርሽኙ ከመታወቁ ከወራት በፊት እርምጃ ወስዳ ነበር። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ማስመጣትና መሸጥ ከልክሏል። ይሁን እንጂ ክልከላ ብቻውን ምርመራን አይተካም። የተከለከለን ዕቃ የሚጠቀም ወጣት ቅጣትን ወይም ነቀፌታን ፈርቶ ለሐኪሙ ሊደብቅ ይችላል።

ጉዳዩ በጋምቤላ የበለጠ ጥንቃቄን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልሉ የኤችአይቪ ሥርጭት 4.8 በመቶ ሲሆን፣ ይህም ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ስለሆነም ትኩሳት፣ ሳልና በሳንባ ላይ ጥላ ያለበት ወጣት ሲመጣ ሳንባ ነቀርሳን፣ የሳንባ ምችንና ኤችአይቪን፣ እንደዚሁም ወባን ማስቀደም ተገቢ ነው። ኢቫሊ የሚታወቀው ሌሎች ምክንያቶች ተመርምረው ሲወገዱ ነውና። ነገር ግን ምርመራው ተሕዋስ ሳያሳይ፣ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒትም ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር፣ ላለፉት 90 ቀናት ምን እንደሳበ ሕመምተኛውን ለብቻው፣ በሚገባው ቋንቋና ያለ ነቀፌታ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱም በካርዱ ላይ ሊሰፍርና አጠራጣሪ ሆኖ ሲገኝ ለክልሉ ጤና ቢሮ ሊገለጽ ይገባል።

የዊስኮንሲን ሐኪሞች ሕመሙን ሲያገኙት ስም እንኳ አልነበረውም። ያስገኘው በጥሞና የተወሰደ የሕመም ታሪክና ፈጣን ሪፖርት ነው፤ ሁለቱም በጋምቤላ ጤና ጣቢያዎች ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።