ኺታን፦ ከኹራሳን እስከ ኮሎኝ

እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመኗ የኮሎኝ ከተማ አንድ ፍርድ ቤት የወንድ ልጅ ግርዛት በአካል ላይ ጉዳት ማድረስ ነው ብሎ ሲበይን፣ ብዙ ሙስሊሞች ክርክሩ የተጀመረው ያን ዕለት መሰላቸው። ወደ ፍርዱ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ኺታን ለምን ይፈጸማል፣ መቼ ይፈጸማል፣ ማንን ያስገድዳል የሚለው ሙግት የመጀመሪያው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ሳይጠናቀቅ በራሳችን ቤት የተነሣ ነው። ለሌላው መልስ ከመስጠታችን በፊት ይህን ታሪካችንን ማወቅ ይገባናል።

ኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ በገዙበት ዘመን (ከ99 እስከ 101 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. ከ717 እስከ 720) በኹራሳን ብዙ ሕዝብ ወደ ኢስላም ይጎርፍ ጀመር። የሰለመ ሰው ጂዝያ አይከፍልምና የግምጃ ቤቱ ገቢ ቀነሰ። ታሪክ ጸሐፊው አጥ-ጦበሪ እንደዘገቡት፣ ለአገረ ገዥው ለአል-ጀራሕ ኢብኑ ዐብደላህ “እነዚህ ሰዎች የሰለሙት ከጂዝያ ለመሸሽ ነውና በግርዛት ፈትናቸው” የሚል ምክር ቀረበላቸው። አል-ጀራሕ ሐሳቡን ለኸሊፋው ጻፉ። ዑመር የሰጡት መልስ አጭር ነበር፦ አላህ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) የላካቸው ወደርሱ እንዲጣሩ እንጂ ሰው እንዲገርዙ አይደለም ሲሉ ከለከሉ። ኸሊፋው ሱናውን ማቃለላቸው አልነበረም። የከለከሉት ሱናው የቀረጥ ሰብሳቢ መሣሪያ እንዳይሆን ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ በዒራቅ የተፈጸመው ደግሞ የከፋ ነበር። ኢማም አል-ቡኻሪ “አል-አደብ አል-ሙፍረድ” በተሰኘው መጽሐፋቸው እንዳሰፈሩት፣ አንድ ሹም በከስከር አዲስ የሰለሙ ሽማግሌዎችን አስፈትሾ በክረምት ብርድ አስገረዛቸው። ከመካከላቸው የሞቱ እንዳሉም ተወራ። ሐሰን አል-በስሪ ይህን ሲሰሙ በሹሙ ሥራ ተገርመው ተናገሩ። ከአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ሩማዊውም ሐበሻውም ሰልሟል፤ ማንም ግን ልብሱን ገልጦ የፈተሻቸው የለም አሉ። ሐበሻ የተባለው እዚህ ላይ መነሣቱን አንባቢ ልብ ይበል። የሹሙን ግፍ ለማጋለጥ ምስክር ሆኖ የቀረበው የኛ አገር ሰው ነው።

ይሁንና የዑመር መልስ ሁሉንም ገዥ አላስተማረም። ባበክን ድል ያደረገው ታላቁ የጦር አዛዥ አል-አፍሺን በኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ዘመን፣ በ225 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ840) ሰመራ ላይ ለፍርድ ሲቀርብ ከክሶቹ አንዱ አለመገረዙ ነበር። ቁስሉ ይገድለኛል ብዬ ፈርቼ ነው ሲል መለሰ። በጦርና በሰይፍ መካከል የምትውል ሰው ይህችን ትፈራለህ? ተብሎ ተዘበተበት። እርሱም ጦርነቱ ግድ ሲሆንብኝ የምገባበት ነው፣ ይህ ግን በገዛ እጄ የማመጣው ነው፤ እርሱን መተውም ከኢስላም እንደሚያስወጣ አላውቅም አለ። አፍሺን በእርግጥ ምን ያምን እንደነበር አላህ ያውቃል። ክሱ ግን የፖለቲካ ጠላትን ለመጣል የተመዘዘ መሆኑን ዘገባውን ያነበበ ሁሉ ይረዳል።

ወደ ፉቀሃእ ስንመለስ ነገሩ የሰከነ ነው። ኺታን ከፊጥራ ተግባራት አንዱ እንደሆነ፣ ነቢዩላህ ኢብራሂምም (ዐ.ሰ.) በ80 ዓመታቸው እንደተገረዙ በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ ዋጂብ ነው ሲሉ፣ የኢማም አቡ ሐኒፋና የኢማም ማሊክ መዝሀብ የጸና ሱና አድርጎ ይቀበለዋል። ስለ ጊዜው ግን ሰፊ ልዩነት አለ። ኢብኑ ዐባስ በዘመናቸው ወንድ ልጅ የሚገረዘው ለአቅመ አዳም ሲቃረብ እንደነበር መናገራቸው በቡኻሪ ይገኛል። ኢማም ማሊክ ሰባተኛውን ቀን የጠሉት ከአይሁድ ልማድ ጋር እንዳይመሳሰል ሲሉ ነው፤ ሌሎች ደግሞ ያንኑ ቀን ወደዱት። ኢብኑል ሙንዚር በቀኑ ላይ የሚያስገድድ ዘገባ እንደሌለ ገልጸዋል። እንግዲህ የጨቅላነት ግርዛት በኛ ዘንድ ከተፈቀዱት ጊዜያት አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። (የሴት ልጅ ግርዛት በአማርኛ በአንድ ቃል መጠራቱ ብዙ ሰው አሳስቷል። እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችንም ይከለክለዋል።)

በአገራችን ክርስቲያኖችም ልጆቻቸውን በስምንተኛው ቀን ይገርዛሉ። ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ይህ የኦሪት ሕግ ሳይሆን የአገር ልማድ ነው ብለው ለካቶሊኮቹ መልሰዋል። ማን ለምን እንደሚገርዝ የሚጠየቀው ሙስሊም ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በምዕራቡ ዓለም ግርዛትን ያስፋፋው ሃይማኖት ሳይሆን ሐኪም ነው። ሉዊስ ሴይር የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1870 መራመድ ያቃተውን የአምስት ዓመት ልጅ ገርዞ ዳነልኝ አለ። ከዚያ ወዲህ የሚጥል በሽታን ይፈውሳል፣ ኢስቲምናእን ያስቀራል ተባለ። ልጅ መውለድ ወደ ሆስፒታል ሲገባ ግርዛቱም አብሮ ገባ። በእንግሊዝ ግን የሕፃናት ሐኪሙ ዳግላስ ጌርድነር እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው ጽሑፍ፣ የጨቅላው ቆዳ አለመገለጡ ተፈጥሯዊ መሆኑንና በአገሩ በየዓመቱ 16 ያህል ሕፃናት በግርዛት ሰበብ እንደሚሞቱ አሳየ። ልማዱም በዚያ ተመናመነ።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ለጨቅላ የሚያስገድድ የሕክምና ምክንያት የለም አለ፤ በ1989 ጥቅም ሊኖረው ይችላል አለ፤ በ1999 ለሁሉም ለመምከር በቂ ማስረጃ የለም አለ፤ በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል፣ ይሁን እንጂ ለሁሉም አይመከርም አለ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች ግርዛት ወንዶች ከሴት በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድላቸውን 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ተቀብሎታል። ጥናቱ የተደረገው ግን በአዋቂ ፈቃደኞች ላይ ነበር። ሰባኪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ሱናው በሳይንስ ተረጋገጠ ብለው ይደሰታሉ። እኔ ደስታቸውን አልጋራም። ኢባዳን በሐኪሞች መግለጫ ላይ የሰቀለ ሰው፣ መግለጫው በተቀየረ ቁጥር ሃይማኖቱን ሊያስተካክል ነውን?

የኮሎኙ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የሙስሊም ወላጆች የአራት ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2010 በሐኪም ተገረዘ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደም ፈሰሰውና ሆስፒታል ገባ። ዐቃቤ ሕግ ሐኪሙን ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ነፃ አወጣው። ይግባኝ ሰሚው ሐኪሙ ሕጉን ሊያውቅ አይችልም ነበር በማለት እርሱን በነፃ ቢያሰናብትም፣ የልጁ የአካል ደኅንነት መብት ከወላጆች የሃይማኖት መብት ይበልጣል ሲል ግንቦት ውስጥ በየነ። ሙስሊሞችና አይሁዶች አንድ ላይ ተቃወሙ። የጀርመን ፓርላማም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በ434 ድምፅ ድጋፍና በ100 ተቃውሞ ግርዛትን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ።

ይህ ሕግ ግርዛቱ በሕክምና ሥርዓት እንዲፈጸም ያዛል። ሐኪም ያልሆነ ነገር ግን የሠለጠነ የሃይማኖት ሰው እንዲገርዝ የሚፈቅደው ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ብቻ ነው። ስምንተኛውን ቀን ለሚጠብቁት አይሁዶች ይህ ይበቃል። ልጁን አምስት፣ ስድስት ዓመት ሲሆነው ድግስ ደግሶ ለሚያስገርዝ ሙስሊም ግን ያለው አማራጭ ሐኪም ነው። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወይ ልጁን በጨቅላነቱ ማስገረዝ፣ ወይ ኢብኑ ዐባስ እንደተናገሩት ማቆየትና በሐኪም እጅ ማስፈጸም ይችላሉ። ሁለቱም በፊቅህ የተፈቀደ ነው። ያልተፈቀደው ለበጋ ዕረፍት ወደ አገር ቤት አምጥቶ ምላጩን ሳይቀቅል ለሚሠራ ሰው መስጠት ነው። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተናግረዋልና፣ ኮሎኝ ከመፍረዱ በፊት የኛው ሸሪዓ ፈርዶበታል።