የመቃ ብዕር መሥመር፦ የጎጃም ሥዕል ከማን ተማረ?

ዳያና ስፔንሰር የተባለች አጥኚ በጎጃም ተዘዋውራ ያየቻቸውን ጥንታዊ ሥዕላት በ1974 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ካስነበበች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነ። በጽሑፏ ካነሳቻቸው ጉዳዮች ዋነኛው ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ያኖረው አሻራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ አገራችን ሥዕል በተነሳ ቁጥር የዚህ ፈረንጅ ስም አብሮ ይነሳል፤ ከስሙም ጋር «የእኛ ሰው መሣልን ከማን ተማረ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ሥዕል ማለት ሰሌዳ፣ ቡሩሽና ጥላ የተቀባ ፊት ብቻ ከሆነ፣ ከባሕር ማዶ ብዙ መምጣቱን መካድ አይቻልም። የሥዕላችን አጥንት ግን መሥመር ነው። መሥመሩን ያወጣውም ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ዙሪያ ባሉት ደብሮች የተቀመጡትን መጻሕፍት የጻፈው ያው የመቃ ብዕር ነው። የሥዕላችንን መምህር መፈለግ ያለብን ከዚህ ብዕር ተነስተን ነው።

ዳራው የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ይበቃል። የአባ ገሪማ ወንጌላት እስከ አክሱም ዘመን ወደ ኋላ ይወስዱናል። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል 1280 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈ ነው። ዛሬ በኒውዮርክ የሚገኘው የልዕልት ዝር ጋኔላ ወንጌል በ1400 እና በ1401 እ.ኤ.አ. ተሠራ። በጣና ክብራን ገብርኤል ያለው ባለ ሥዕል ወንጌልም ከዚሁ ዘመን ብዙ አይርቅም። በዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የእመቤታችንን ሥዕል ሥሎ ስሙን አኑሮበታል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ብራንካሌዮን ገና ወደዚህ አገር አልመጣም።

ብዕሩን ቀረብ ብለን እንየው። ጸሐፊው የደረቀ መቃ ይመርጣል፣ አንድ ጫፉን በስለታም ካራ ሸርተት አድርጎ ይቀርጻል፣ አፉን መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል። ቀለሙ በስንጥቁ ወርዶ ብራናው ላይ ያርፋል። አፉ ሲደንዝ እንደገና ይቀረጻል። ለጥቁሩ ቀለም አንድ፣ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ለሚጻፍበት ቀይ ደግሞ ሌላ ብዕር ይያዛል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ካረረ እህልና ከቅጠል ተቀምሞ፣ ተወቅጦና ለወራት ተብላልቶ የሚወጣ ነው። በቀንድ ተሞልቶ፣ ቀንዱ መሬት ላይ ተተክሎ ይቀመጣል። ጸሐፊው ጠረጴዛ አይሻም፤ በወስፌ የተሰመረውን ብራና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። የብዕሩ አፍ ጠፍጣፋ በመሆኑ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሳብ ቀጭን መሥመር ያወጣል። የፊደላችን ቋሚ እግሮች ወፍረው፣ አግዳሚዎቹ ቀጥነው የምናያቸው በዚህ ምክንያት ነው። በመጻሕፍቱ ገጽ ራስጌ የሚጠላለፈው ሐረግም ሆነ የቅዱሳኑ ትልልቅ ዓይንና የልብሳቸው እጥፋት የዚሁ የውፍረትና የቅጥነት መፈራረቅ ውጤት ነው።

ይህን ችሎታ ዛሬ በሌላ አገር አዲስ ግኝት አድርገው የሚወዱት ሠዓሊዎች አሉ። በ1911 እ.ኤ.አ. በሂሮሺማ አውራጃ በኩሬ ከተማ የተመሠረተው የጃፓኑ ሴይለር ኩባንያ ቀለም የሚሞላ፣ የብረት አፉ ወደ ላይ የታጠፈ ብዕር ይሠራል። አንዱ በ40፣ ሌላው በ55 ዲግሪ የታጠፈ ነው። ብዕሩን ቀና አድርገው ሲይዙት ጫፉ ብቻ ወረቀቱን ነክቶ ቀጭን መሥመር ይሰጣል። ዘንበል ሲያደርጉት የታጠፈው ክፍል በሙሉ ያርፍና መሥመሩ ይሰፋል። የተሠራው የምሥራቅ እስያን የቡሩሽ ጽሕፈት ለመተካት ነበር፤ አሁን ግን አደባባይ ቆመው ቤትና ሰው የሚነድፉ ሠዓሊዎች ከእጃቸው አይለዩትም፤ በአንድ ብዕር፣ እጅን ብቻ በማዘንበል፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ማግኘት ያስችላልና። የጎጃም ጸሐፊ መቃውን በካራ ሲቀርጽ የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር። የአሠራሩ መንገድ ይለያያል፦ የእኛው በጠፍጣፋ ጠርዝ፣ የጃፓኑ በታጠፈ አፍ። መርሁ ግን አንድ ነው፤ የመሥመሩን መልክ የሚወስነው የብዕሩ አፍ ቅርጽና የእጁ አያያዝ ነው።

ወደ ቬኒሱ ሰው እንመለስ። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ብራንካሌዮንን በዓይኑ አይቶታል። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት የመጣ፣ አገሬው መርቆሬዎስ ብሎ የሚጠራው፣ ሠዓሊ ቢሆንም እንደ ትልቅ ጨዋ የሚከበር ሰው መሆኑን ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ሠዓሊው በአትሮንሰ ማርያም ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ በመሣሉ፣ ግራ እጅ ከቀኝ ዝቅ ተደርጎ ስለሚታይ ሕዝቡ ተቆጥቶ ትልቅ ሁከት ተነሳ ይላል። ታሪኩ ለጆሮ ይጥማልና ተደጋግሞ ተተርኳል። ነገር ግን ብሩስ ሁከቱን የሚያኖረው በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን፣ ከ1468 እስከ 1478 እ.ኤ.አ. ነው። ሠዓሊው ወደ አገሩ የገባው 1480 እ.ኤ.አ. አካባቢ መሆኑን ብዙዎቹ አጥኚዎች ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ዘመኑ አይገጥምም። ብሩስም የሚጽፈው ነገሩ ሆነ ከተባለ ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ ነው። ሰውየውን ያየው የአልቫሬዝ ምስክርነት ይበልጥ ሚዛን ይደፋል፤ ከእርሱ የምንረዳው አገሬውን ሊያስተምር የመጣ ሰው ሁከት ማስነሳቱን አይደለም፤ የአገሩን ስም ተቀብሎ፣ አብሮ ኖሮ፣ ከአገሩ ጋር የተዋሐደን ሰው ነው።

እርግጥ ነው፣ «ሰውየው ባይረብሽም አስተምሯል፤ ከእርሱ በኋላ ሥዕሉ ተለውጧል» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። በሰሌዳ ሥዕል ላይ የልብስ አጣጣልና የፊት አቀባብ ከውጭ መጥቶ ተለምዷል። በብራናው ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በአሥራ ስድስተኛው መጀመሪያ፣ ብራንካሌዮን ገና በሕይወት ሳለ፣ በአጋሜ የጉንዳ ጉንዶ ገዳም ሰዎች ሰውነትን በሙሉ በጠለፋና በትይዩ መሥመር የሚሞላ የመሥመር ሥዕል አበለጸጉ። የመጀመሪያው የጎንደር ዘመን ሥዕልም ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ በጥቁር የተቀነበበ፣ እጥፋቱ በተደጋጋሚ መሥመር የተገለጸ ነው። በ1591 እ.ኤ.አ. በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል አንቶኒዮ ቴምፔስታ ካዘጋጃቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ጋር ወደ አገራችን ሲደርስም ሠዓሊዎቻችን ታሪኩንና አቀማመጡን ወሰዱ፤ የፊቱንና የዓይኑን አነዳደፍ ግን በራሳቸው መንገድ አደረጉት። ከውጭ የመጣው ሁሉ በብዕሩ ልማድ ውስጥ አልፎ ነው የእኛ የሆነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ጠንካራ ነው። ጸሐፊና ሠዓሊ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ጸሐፊው ለሥዕሉ ቦታ ትቶ ያልፋል፣ ሠዓሊው ቆይቶ በቡሩሽ ይሞላዋል፤ ስለዚህ የብዕሩ ድርሻ ትንሽ ነው ይባላል። በነገሥታቱና በትልልቆቹ ገዳማት ሥራ ቤት ይህ የሥራ ክፍፍል ነበር። ሆኖም ቀለሙ ከመሞላቱ በፊት ንድፉ በመሥመር ይወጣል፤ ያልተፈጸሙ ገጾች ላይም ባዶውን የቀረው ይኸው መሥመር ነው። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ ክታቡ ነው። ደብተራው በባለቤቱ ቁመት ልክ በሚቆረጠው ረጅም ብራና ላይ ጸሎቱንና የባለቤቱን የክርስትና ስም ይጽፋል፤ በመካከሉም ዓይን፣ ፊት፣ መረብና ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ያለበትን ጥልሰም ይሥላል። ቀለሙ ጥቁርና ቀይ፣ ብዕሩ ያው መቃ፣ እጁም አንድ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላን አጥብቆ አሳደደ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ማክበርን ግን አጥብቆ አዘዘ። ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ድረስ ክታብን ትከለክላለች። በሃይማኖቱ በኩል ያለው ፍርድ ለባለቤቶቹ ይቆይ፤ ለሥዕል ታሪክ ግን ክታቡ ጽሕፈትና ሥዕል ከአንድ ብዕር እንደወጡ የሚያሳይ ግልጽ ምስክር ነው።

ጎጃም የዚህ ብዕር አገር መሆኗ አያስገርምም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም በቅኔና በትምህርት የታወቁ ናቸው። ትምህርት ባለበት መጽሐፍ፣ መጽሐፍ ባለበትም ብዕር ቀራጭ አለ። የጅጋና የፍኖተ ሰላም ገጠርም ተማሪ ከደብር ደብር የሚዘዋወርበት አገር ነው። መጻሕፍቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ያስጻፋቸውን ሰው ነው፤ ጸሐፊው ቢጠራ እንኳ «ጸልዩልኝ» ብሎ ያልፋል። ፍሬ ጽዮን በሥዕሉ ላይ ስሙን ማኖሩ ከልማዱ የወጣ ነገር ነበር። የብዕሩ ታሪክ የፈረንጁን ያህል ያልተወራለት፣ ባለቤቶቹ ስም መትከልን የሥራቸው ዓላማ ስላላደረጉ ጭምር ነው።

የቀረው የዛሬው ነው። መቃና ጥላሸት ያለፈ ነገር ነው የሚል ካለ፣ ሠዓሊው ጌዴዎን መኮንን የጥልሰሙን ጥበብ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ እንዳሳደገው ያስታውስ፤ መሥመሩ መሣሪያ ቀይሮ ቀጥሏል። የታጠፈ አፍ ያለውን ብዕር ከውጭ ማስመጣትም ክፋት የለውም። ነገር ግን ዋጋ ይጠይቃል፤ የእኛው የጥላሸት ቀለምም ደቃቅ የቀለም መውረጃውን ይደፍነዋል፤ ከጥላሸት ቀለም ጋር ችግር የሌለበት መቃው ነው። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገሰላም በአዲስ አበባ የመሠረቱት ትምህርት ቤት ሥዕልን በዘመናዊ መንገድ ለማስተማር በር ከፍቷል። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ትምህርት ቤቶችም የሥዕል ክፍለ ጊዜ ውድ ዕቃ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። አንድ መቃ፣ አንድ ካራ፣ ትንሽ ቀለምና ሥራውን የሚያውቁ አንድ የደብር ጸሐፊ ይበቃሉ። ተማሪው አስቀድሞ ብዕሩን መቅረጽ፣ ቀጥሎ ፊደሉን መጻፍ፣ ከዚያም ያንኑ እጅ አዘንብሎ ሰውና ዛፍ መንደፍ ቢማር፣ ሥዕልን የሚቀበለው ከውጭ እንደመጣ ዕውቀት ሳይሆን ፊደሉን ከጻፈበት እጅ እንደወጣ የራሱ ሥራ አድርጎ ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና የአካባቢው አድባራት አብረው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው፤ መጻሕፍቱን የጻፉት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ቢጀመር ደግሞ እጥፍ ይጠቅማል።