አንድ አኮርዲዮን፣ ሦስት ስም

በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ናርሲሶ ማርቲኔዝ የሚባል አኮርዲዮን ተጫዋች ቴክሳስ ውስጥ ብሉበርድ ለተባለ ኩባንያ ሸክላ ቀረጸ። ሜክሲኮ ተወልዶ ቴክሳስ ያደገ ሰው ነው። ኩባንያው ሙዚቃውን ለሜክሲኮ ተወላጆች በራሱ ስም ሸጠ። ከሥራዎቹ አንዳንዶቹን ግን «ሉዊዚያና ፒት» በሚል ስም ለሉዊዚያና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች፣ «ፖልስኪ ክቫርቴት» ብሎ ደግሞ ለፖላንድ ስደተኞች አቀረበ። ክቫርቴት እኮ የአራት ሰው ቡድን ማለት ነው፤ እዚህ የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ናቸው!

ኩባንያው ይሄን ለመሞከር እንዴት ደፈረ? መልሱ ያለው ፖልካ የሚባለው ሙዚቃ ውስጥ ነው።

ፖልካ የተወለደው በ1830ዎቹ በቦሄሚያ፣ ማለትም በዛሬዋ ቼክ ነው። በ1840ዎቹ ፓሪስን አሳበደ፤ ከዚያ አውሮፓን አዳርሶ ውቅያኖስ ተሻገረ። ምቱ ቀላል ነው፤ እስቲ ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። በግራ እጃችሁ «ዱም»፣ በቀኝ እጃችሁ «ጫ»፦ ዱም-ጫ፣ ዱም-ጫ። ጭፈራው ደግሞ ፈጠን ያሉ ሦስት እርምጃዎችና አንድ ዝላይ ነው። ቃል አያስፈልገውም። ቋንቋ ለማይግባቡ ጎረቤቶች ከዚህ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል?

መካኒካል ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ መሣሪያው ነው። አኮርዲዮንን እኛም እናውቀዋለን፤ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እሱም በስደት አሜሪካ ሆኖ «ሸሞንሟናዬ»ን የቀረጸው በአኮርዲዮን ነው። በዚህ ስም የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት በ1829 ቪየና ውስጥ፣ በሲሪል ዴሚያን አማካይነት ነበር። መሃሉ ላይ ያለው የሚለጠጥና የሚጨመቅ አካል እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ይገፋል። አየሩ አንድ ጫፏ ብቻ በተያዘ ስስ የብረት ምላስ በኩል ሲያልፍ ምላሷ ትርገበገባለች፤ ድምፅ ይወጣል። ረጅሟ ምላስ ወፍራም፣ አጭሯ ቀጭን ድምፅ ትሰጣለች።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አየር በሁለት አቅጣጫ ስለሚሄድ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምላስ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲገፋ፣ አንዱ ሲሳብ። ርካሹና ቀላሉ አኮርዲዮን ላይ እነዚህ ሁለቱ የተለያየ ድምፅ አላቸው። ያው ቁልፍ ሲገፋ አንድ ድምፅ፣ ሲሳብ ሌላ! በጥቂት ቁልፍ ብዙ ድምፅ ይገኛል ማለት ነው፤ ብልህ ቁጠባ ነው። ዋጋው ግን አለ። በግራ እጅ በኩል ያሉት ጥቂት የባስ ቁልፎችም የወናፉን አቅጣጫ ስለሚከተሉ፣ ዜማው «ሳብ» ሲል የሚፈለገው ባስ «ግፋ» ላይ ሊሆን ይችላል።

ማርቲኔዝ ምን አደረገ? የግራውን ጎን ተወው ማለት ይቻላል። «ዱም-ጫ»ውን ለጓደኛው ለሳንቲያጎ አልሜይዳ ሰጠው፤ አልሜይዳ የሚጫወተው ባሆ ሴክስቶ የሚባል ባለ 12 ክር ወፍራም ድምፅ ያለው የጊታር ዘመድ ነው። የማርቲኔዝ ቀኝ እጅ ነፃ ወጣ፤ ዜማው ፈጣን፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለና ጥርት ያለ ሆነ። ምክንያቱ የመሣሪያው ባሕርይ ብቻ ነበር አልልም፤ ባሆ ሴክስቶ ቀድሞውንም በአካባቢው የተወደደ ነበር። ግን ኮንሁንቶ የሚባለው የቴክሳስ ሜክሲኮዎች ሙዚቃ የቆመው በዚህ የሥራ ክፍፍል ላይ ነው።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ክሊቭላንድ ስንሄድ ሌላ መፍትሔ እናገኛለን። በ1915 ከስሎቬኒያ ስደተኞች የተወለደው ፍራንኪ ያንኮቪክ የታወቀው በፒያኖ አኮርዲዮን ነው፤ ይሄኛው ተገፋም ተሳበም ድምፁ አይለወጥም። ዜማው ስለማይቆራረጥ ለስለስ ብሎ ይፈሳል፤ ምቱን ባንጆ ያግዘዋል። ያንኮቪክ በእንግሊዝኛም ዘፈነ፤ በ1948 ሚልዋኪ ውስጥ «የፖልካ ንጉሥ» ተብሎ ዘውድ ተደፋለት። ሚኒሶታ ያሉት ጀርመኖች ደግሞ ባሱን ለቱባ፣ ለዚያ ግዙፍ የነሐስ መለከት ሰጡት።

«ታዲያ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ፖልካ አለው ማለት ነው» ካላችሁ፣ ፖላንዶቹ ያስቸግሯችኋል። በምሥራቅ ጠረፍ የሚኖሩት በትልልቅ ባንድ፣ ከኖታ እያነበቡ፣ በጣም ፈጣን ፖልካ ይጫወቱ ነበር። ቺካጎ ላይ ግን ሊትል ዋሊ የሚባለው ዋልተር ያጊዬሎ በአነስተኛ ቡድን፣ በኮንሰርቲና፣ ፍጥነቱን ቀንሶ በፖላንድኛ ዘፈነ። አንድ ሕዝብ፣ አንድ አገር፣ ሁለት ፖልካ። እኔ በበኩሌ የቺካጎውን እመርጣለሁ፤ ሰው የሚተነፍስበት ፋታ አለው።

ስደተኛ ያልሆኑትም ገቡበት። በአሪዞና በረሃ የሚኖሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ቶሆኖ ኦኦዳም ፖልካን የራሳቸው አድርገው «ዋይላ» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው «ጭፈራ» ከሚለው የስፓኒሽ «ባይሌ» ነው።

ስም መለጠፉ ግን ቀጠለ። የግራሚ ሽልማት የፖልካ ዘርፍ ሲከፍት በ1986 የመጀመሪያው ተሸላሚ ያንኮቪክ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የቴክሳሱ አኮርዲዮን ተጫዋች ፍላኮ ሂሜኔዝም ግራሚ ወሰደ፤ እሱ ግን የተሸለመው በሜክሲኮ-አሜሪካውያን ዘርፍ ነው። የፖልካው ዘርፍ በ2009 ተዘጋ። ማርቲኔዝ ደግሞ ሙዚቃው በሦስት ስም ቢሸጥም ሀብታም አላደረገውም፤ በእርሻ፣ በሹፌርነት፣ በኋላም በአራዊት ማቆያ ሠርቷል። በ1983 ግን የአሜሪካ መንግሥት ለባህል ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር አገኘ።

እነዚህን ሙዚቃዎች ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ስታዳምጡ፣ መጀመሪያ የባንዱን ስም ሸፍኑት። ከዚያ «ዱም»ን ማን እንደሚመታ ለዩ፦ ቱባ ነው፣ ባሆ ሴክስቶ ነው ወይስ የተጫዋቹ የራሱ ግራ እጅ?