ከጉቶ የበቀለች ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቆረቆረች። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ግን መናገሻነቷን ልታጣ ተቃርባ ነበር፤ ያሰጋትም ጠላት ሳይሆን የማገዶ እጦት ነው።

ነገሩ ለዘመኑ ሰው እንግዳ አልነበረም። የቀደሙት ነገሥታት ከተማ ማለት በአብዛኛው ሰፈር ነው፤ ንጉሡ ድንኳኑን በተከለበት ሁሉ ሠራዊቱ፣ አገልጋዩና ነጋዴው አብሮ ይሰፍራል። ያ ሁሉ ሕዝብ እንጀራ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ሌሊት እሳት ይሞቃል። ከብቶቹን በአጥር ይከልላል፤ ጎጆ የቀለሰም ቋሚና ማገር ያስፈልገዋል። በዙሪያው ያለው ደን ሲሳሳ ሰፈሩ ተነስቶ ወደ ሌላ ደን ይሄዳል። የተቆረጠውን ለመተካት የሚቸኩል አልነበረም፤ ለምን ይቸኩል? ከፊት ሌላ ደን አለ።

አፄ ምኒልክም ከአንኮበር ተነስተው እንጦጦ ላይ ሲከትሙ፣ ከዚያም ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሲወርዱ ያው ታሪክ ተደገመ። የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለአጥር፣ ለቤትና ለምድጃ ዋለ፤ እንጨት ለቃሚውም በየዓመቱ መንገዱ እየረዘመበት ሄደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ደን ያልራቀው ቦታ መረጡና አዲስ ዓለም አሉት። ቤተ መንግሥት ማሠራትም ጀመሩ። ዕቅዱ ቢሳካ ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ የምንላት ከተማ ምናልባት እንደ አንኮበር በታሪክ መጽሐፍ የምትታወስ ትሆን ነበር።

ያ አልሆነም። መኳንንቱ ቤት ሠርተዋል፣ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም በተሰጣቸው ቦታ ገንዘብ አፍስሰዋል፤ ነቅሎ መሄዱ ለሁሉም ከባድ ነበር። ከተማይቱ እንድትቆይ ያስቻላት ግን ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመነጨውን ይህን ዛፍ በ1887 ዓ.ም ገደማ ወደ አገር ያስገባው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊ ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲከፋፈል አደረጉ፤ ዛፉን ለተከለም በመሬቱ ግብር ላይ እፎይታ ሰጡ። ባለመሬቱም ቶሎ ገባው፦ በጥቂት ዓመት የሚደርስ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ገበያው በደጁ የሆነ ሰብል ነው። የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ።

የባሕር ዛፍ ትልቁ ጉልበት ያለው ጉቶው ላይ ነው። ጥድ ተቆረጠ ማለት አለቀ ማለት ነው። ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ እሱን የሚተካ ዛፍ ከፈለጉ ዘር መልቀም፣ ማፍላት፣ ችግኙን ከከብት መጠበቅ፣ ከዚያም የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ መታገሥ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ግን ቆርጠውት ክረምት ሲገባ ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ባለቤቱ ሁለት ሦስቱን መርጦ ሌላውን ይመለምላል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና አጣና ሆኖ ይደርሳል። ቆራጩ ተካይ መሆን አላስፈለገውም። ከተማይቱን ያተረፋት ይኸው ነው። ይኸው ደግሞ አንድ ትልቅ ጉዳይ አስረስቷል፦ አዲስ አበባ ማገዶዋን ተካች እንጂ የቆረጠችውን ደን አልተካችም።

ልዩነቱን ሰዎች ቀድመው አይተውታል። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ጉድጓድና ምንጭ ያደርቃል የሚል አቤቱታ በርትቶ፣ በ1905 ዓ.ም ገደማ ከዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል የሚያዝ አዋጅ ወጣ። ትእዛዙ ግን እምብዛም አልተፈጸመም። እንዴትስ ይፈጸማል? ምድጃው፣ ቤቱና አጥሩ ሁሉ ከዚያ ዛፍ ነው።

ደኑ የሚሠራውን ሥራ ባሕር ዛፍ ብቻውን አይሠራም። በጥድ ጥላ ሥር ቁጥቋጦና ሣር ይበቅላል፣ ቅጠሉ በስብሶ አፈር ይሆናል። በእንጦጦ ግን የረገፈው ቅጠል ራሱ ማገዶ ነው፤ ተጠርጎ ለምጣድ ይወሰዳል። ለአሥርተ ዓመታት ሴቶች ከ30 ኪሎ በላይ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ኖረዋል። የእነሱ ድካም ከተማይቱን መግቧታል፤ ክብርም ይገባዋል። መሬቱ ግን ራቁቱን ሲቀር የክረምቱ ዝናብ አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ ቀበናንና ሌሎቹን ወንዞች እያደፈረሰ ወደ አቃቂ ይወርዳል።

ሌላ ዓይነት ተከላ በዚያው አካባቢ ይታያል። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ትውፊቱ ይናገራል። እዚያ ዛሬም ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ በአንድነት ቆመዋል። ያስተከለው ሰው በእነዚያ ዛፎች እንጀራ አልጋገረባቸውም፤ ጥቅሙን ያየው ስሙን ብቻ የሚያውቅ ትውልድ ነው። ለዚህ ጸሐፊ ከሁለቱ ነገሥታት ሥራ የሚልቀው የዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ የምኒልክ ብልሃት አስቸኳይ ቢሆንም፣ ከተማዋንም ቢያድን።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ዓለምን ያስደነቀው ቁጥሩ ነው፤ ይበልጥ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ከሦስት፣ ከአምስት በጋ በኋላ ስንቱ እንደቆመና ምን ዓይነት ዛፍ እንደሆነ ነው። በእንጦጦ ባሕር ዛፍን በአገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ ተጀምሯል፤ ፈታኙም የቀድሞው ባለውለታ ጉቶ ነው። የጥድ ችግኝ ገና ጉልበት ሳይደርስ በአጠገቡ የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ያቆጠቁጥና ብርሃኑንና ውሃውን ይሻማል። ስለዚህ ጥድ የተከለ ሰው በየዓመቱ ተመልሶ የባሕር ዛፉን ቀንበጥ መመልመል፣ ካልሆነም ጉቶውን ከነሥሩ ማውጣት ይጠበቅበታል።